ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን፦ የግለሰብ ማንነትና ማኅበራዊ ቁጥጥር በወጣቶች የዲስቶፒያ ልብ ወለድ



የክፍል በር ከፍቶ የሚገባ መምህር ሁሉ ሁለት ነገሮች ይጠብቁታል። አንደኛው ሥርዓት ነው። ሃምሳ ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ ሥርዓት ከሌለ ትምህርት የለም፤ ይህ አያከራክርም። ሁለተኛው ልጁ ራሱ ነው። ከጎኑ ከተቀመጠው ጓደኛው የተለየ ስሜት፣ የተለየ ዝንባሌና የተለየ ጥያቄ ይዞ የመጣ ልጅ ነው። ሁለቱን አስታርቆ መያዝ ከሙያችን ፈተናዎች ሁሉ ዋነኛው ይመስለናል። ስለዚህ ጉዳይ የማስተማር ዘዴ መጻሕፍት ብዙ ብለዋል። እኛ ግን በዚህ እትም ነገሩን በሌላ በር ገብተን ልንመለከተው ፈለግን፤ ይኸውም ለወጣት አንባቢያን በተጻፉና ክፉ የወደፊት ዘመንን በሚያሳዩ ልብ ወለዶች በኩል ነው። መጻሕፍቱን ያላነበበም እንዲከተለን ታሪካቸውን ባጭር ባጭሩ እየተረክን እንሄዳለን።

1. ዲስቶፒያ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉን ለመረዳት ከተቃራኒው መነሣት ይቀላል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 ባሳተመው መጽሐፍ አንዲት ምናባዊ ደሴት ፈጥሮ «ዩቶፒያ» ብሎ ሰየማት። ስሙ ከግሪክኛ የተበጀ ሲሆን «የትም የሌለ ሥፍራ» ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዩቶፒያ የሚለው ቃል ሁሉ ነገር የተሟላለት ኅብረተሰብ መጠሪያ ሆነ። ዲስቶፒያ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ «ክፉ ሥፍራ» እንደ ማለት። ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የዲስቶፒያ አገር ብዙ ጊዜ ራሱን ክፉ ብሎ አይጠራም። እንዲያውም ገዢዎቹ ዩቶፒያን አግኝተናል ብለው ያምናሉ፤ ሕዝቡንም ያሳምናሉ። ክፋቱ የሚታየው ከውስጡ አንድ ሰው ለየት ብሎ ማሰብ የጀመረ ዕለት ነው።

ለአዋቂዎች ከተጻፉት ውስጥ ቀዳሚውን ቦታ ከያዙት አንዱ የሩሲያዊው የየቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» ነው። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1924 ታተመ፤ በገዛ አገሩ ግን እስከ 1988 ድረስ ሳይታተም ቆይቷል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ቁጥር ነው ያላቸው። የሚኖሩትም የመስተዋት ግድግዳ ባላቸው ቤቶች ውስጥ ነው። (እኛም ይህን ጽሑፍ «እኛ» እያልን ስንጽፍ ነገሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ የኛ «እኛ» ማንም ገብቶ ሊከራከርበት የሚችል ነው።) ከዚያም የአልደስ ሐክስሊ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» በ1932፣ የጆርጅ ኦርዌል «1984» በ1949 ተከተሉ።

ለወጣቶች የተጻፉት በምን ይለያሉ? በዋናነት በባለ ታሪኩ ዕድሜ ይለያሉ። ባለ ታሪኩ የ12 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ የቤቱንና የትምህርት ቤቱን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ስለሆነም በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጭቆና ለአንባቢው ሩቅ አይሆንበትም፤ የገዛ ሕይወቱ ተጋኖ የቀረበ ሆኖ ይሰማዋል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ግን ትልልቆቹ የጋገሩትን እንጀራ አገላብጦ የሚመረምረው ልጁ ነው።

2. ሦስት የቁጥጥር መንገዶች

ሀ/ በምቾትና በቃል

አሜሪካዊቷ ሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» (ሰጪው) የተሰኘውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1993 አሳተመች። በማግሥቱ ዓመት በአገሯ ለልጆች መጻሕፍት ከሚሰጡት ሽልማቶች ታላቁን የኒውበሪን ሜዳልያ አገኘችበት። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ዮናስ ይባላል፤ 12 ዓመት ሊሞላው ነው። የሚኖርበት ማኅበረሰብ ረሃብ የለበትም፤ ጦርነት የለበትም፤ ሥራ ፈትም የለም። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተበደለውም በታወቀ ቃል ይቅርታውን ይቀበላል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ደራሲዋ የጎደለውን የምትነግረን ቀስ በቀስ ነው። ልጆች ሁሉ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በታኅሣሥ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ በአንድ ጊዜ ነው። የአራት፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች የሚለብሱት ጃኬት ቁልፉ ከጀርባ ነው፤ እርስ በርስ እየተቆላለፉ መደጋገፍን እንዲማሩ ነው። በሰባት ዓመት ቁልፉ ወደ ፊት ይዞራል። ብስክሌት በዘጠኝ ዓመት ይታደላል። በ12 ዓመት ሽማግሌዎች ልጁን ለዓመታት ሲያጠኑት ከቆዩ በኋላ የዕድሜ ልክ ሥራውን ይሰጡታል። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ሁለት ልጅ ነው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። የወለደችው እናት ሌላ ናት፤ አሳዳጊዎቹ ሌላ ናቸው። ማታ ማታ እያንዳንዱ የዋለበትን ስሜት ለቤተሰቡ ይናገራል፤ ጧት ጧት ሕልሙን ይናገራል። በየቤቱ የድምፅ ማጉያ አለ፤ አይዘጋም።

አንድ ቀን ዮናስ ከትምህርት ቤት መዝናኛ ቦታ አንድ ፖም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያው ዕለት ማጉያው ይናገራል፤ ምግብ የሚበላ እንጂ የሚከማች አለመሆኑን የ11 ዓመት ወንዶች እንዲያስታውሱ ያሳስባል። ስም አይጠራም፤ አይሰድብም፤ አይጮህም። ዮናስ ግን ለእርሱ መሆኑን ያውቃል። ከዱላ ይልቅ ይህ እንዴት እንደሚሠራ መምህር የሆነ ሁሉ ይገባዋል።

ለኛ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው የአሸር ታሪክ ነው። አሸር የዮናስ ጓደኛ ነው፤ ተጫዋችና ቸኩሎ የሚናገር ልጅ። በሦስት ዓመቱ በልጆች ማቆያው ውስጥ መክሰስ ሲጠይቅ ቃል ተምታታበት። በእንግሊዝኛ መክሰስ «ስናክ» ነው፤ ልጁ «ስማክ» አለ፤ ይህም ጥፊ ማለት ነው። ሞግዚቶቹ የጠየቀውን ሰጡት። በአርጩሜ ሾጥ አደረጉት። ሕፃኑ ደግሞ ተሳሳተ፤ ደገሙት። በመጨረሻ አሸር ለጥቂት ጊዜ ጭራሽ መናገር አቆመ። ኋላ መናገር ሲጀምር ቃሉ የተስተካከለ ሆነ። ታሪኩ በመጽሐፉ ውስጥ የሚነገረው እንደ ቀልድ ነው፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ይስቅበታል። ለመሆኑ በሦስት ዓመቱ ዝም ያለ ሕፃን የሚያስቅ ነው እንዴ? ደራሲዋ አትፈርድም፤ ፍርዱን ለአንባቢው ትታ ታልፋለች።

ማኅበረሰቡ ቃል በትክክል ካልተነገረ አይወድም። ዮናስ ወላጆቹን «ትወዱኛላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ይስቁበታል፤ ቃሉ ትርጉም የለሽ ሆኗልና በትክክል ተናገር ይሉታል። በአንጻሩ ደግሞ የዚያ አገር ትልቁ ውሸት የተሸፈነው በቃል ነው። ደንብ ደጋግሞ የጣሰ ሰው፣ ያረጀ ሰውና ክብደቱ ያልጨመረ ሕፃን «ይሰናበታል»። የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም፤ ማሰናበት ጥሩ ቃል ነዋ! ዮናስ እውነቱን የሚያየው በገዛ ዓይኑ ነው። ሕፃናትን በፍቅር የሚንከባከበው አባቱ፣ ከመንትዮች መካከል ክብደቱ ያነሰውን በመርፌ ሲገድለው ያያል። ሲገድለውም በለሰለሰ ድምፅ እያባበለው ነው። አባትየው ጨካኝ ሰው አይደለም። የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው፤ ቃሉ ለእርሱም ጋርዶታል።

ዮናስ ይህን ሊያይ የቻለው ለአንድ ልዩ ሥራ በመመረጡ ነው። በዚያ አገር ያለፈውን ዘመን ሁሉ የሚያስታውስ አንድ ሰው ብቻ አለ። የቀሩት ቀለም እንኳ አያዩም፤ በረዶን፣ ፀሐይን፣ ጦርነትን፣ አያትን አያውቁም። አዛውንቱ ትዝታቸውን ለዮናስ ያስተላልፉለታል፤ «ሰጪው» የተባሉትም ለዚህ ነው። ደስታውንም ሥቃዩንም ይሰጡታል። ለሥራው ከተሰጡት ደንቦች አንዱ መዋሸት እንደሚችል ይገልጻል። ልጁ ደነገጠ። «ሌሎቹም 12 ዓመት ሲሞላቸው ይህንኑ ደንብ ተቀብለው ቢሆንስ?» ብሎ ያስባል። ከዚያን ቀን በኋላ የማንንም ቃል እንደ ቀድሞው ማመን አይሆንለትም።

ለመሆኑ ደራሲዋ ይህን ከየት አመጣችው? ሽልማቱን በተቀበለች ጊዜ ባደረገችው ንግግር ከጠቀሰቻቸው ነገሮች አንዱ የአባቷ እርጅና ነው። አባቷ ማስታወስ እየተሳናቸው ሲሄድ በወጣትነቷ የሞተችባቸውን ታላቅ ልጃቸውን ሞት ዘንግተው ነበር። ሐዘኑን መርሳት ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን ከሐዘኑ ጋር ልጅቱም ትረሳለች። የመጽሐፉ መሠረተ ሐሳብ ከዚህ አይርቅም።

ለ/ በምት

ማድሊን ሌንግል «ኤ ሪንክል ኢን ታይም» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ በ1963 የኒውበሪን ሜዳልያ ተሸለመ። ሜግ የምትባል ልጅ የጠፋ አባቷን ስትፈልግ ካማዞትዝ ወደምትባል ዓለም ትደርሳለች። እዚያ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። በየደጁ ልጆች ኳስ ያነጥራሉ፤ ገመድ ይዘላሉ። ኳሶቹ ሁሉ መሬት የሚነኩት እኩል ነው፤ ገመዱም ከኳሱ ምት ጋር አብሮ ነው የሚወርደው። ከዚያም በሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ እናቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጥተው ልጆቻቸውን ያስገባሉ።

አንድ ልጅ ብቻ ኳሱ ያመልጠዋል። እናቱ በድንጋጤ እየጎተተች ታስገባዋለች፤ በኋላም ልጄ ኳስ አምልጦት አያውቅም ብላ ትክዳለች። ይህች እናት ክፉ አይደለችም፤ ፈርታለች። ቆይቶ ያ ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ይታያል፤ ምቱን እየጠበቀ ያነጥራል፤ ኳሷ በነጠረች ቁጥር በሥቃይ ይጮኻል።

በካማዞትዝ ሁሉም እኩል ነው ይባላል። ሜግ ግን አንድ አይነተኛ ልዩነት ይገለጥላታል፦ መመሳሰልና እኩልነት አንድ አይደሉም። ሁለት ልጆች በመብት እኩል ናቸው ማለት አንዱ ሂሳብ፣ ሌላው ሥዕል አይወድም ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ለተማሪ ማስጨበጥ ብቻ መጽሐፉን ለማስተማር በቂ ምክንያት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሜግ ወደ አደጋው ስትላክ ከሚሰጧት ስጦታዎች አንዱ የራሷ ጉድለቶች ናቸው። ቁጡ ናት፤ ግትር ናት፤ በትምህርት ቤትም መምህራኖቿ ተማርረውባታል። ነገር ግን ሰውን ሁሉ በአንድ ምት የሚነዳውን ኃይል መቋቋም የምትችለው በዚሁ ግትርነቷ ነው። ወንድሟን ነፃ የምታወጣው ደግሞ ለእርሱ ባላት ፍቅር ነው።

ሐ/ በረሃብና በትዕይንት

ሱዛን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው «ዘ ሀንገር ጌምስ» (የረሃብ ጨዋታዎች) ከቀደሙት ሁለቱ ይለያል። እዚህ ምቾት የለም። ፓኔም በምትባል አገር አንዲት ባለጸጋ መዲና 12 አውራጃዎችን ትገዛለች። ስሙ ከላቲን የተወሰደ ሲሆን ዳቦ ማለት ነው፤ ሕዝብን በዳቦና በጨዋታ ስለ መግዛት የሚናገረውን የጥንት ሮማውያን አባባል ያስታውሳል። በየዓመቱ ከየአውራጃው አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 የሆነ፣ በዕጣ ይወጣሉ። 24ቱ እስከ ሞት ይፋለማሉ፤ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን እንዲያይ ይገደዳል።

የቁጥጥሩን ብልሃት የምናየው ከዕጣው ላይ ነው። ድሀ የሆነ ልጅ ስሙን ተጨማሪ ጊዜ ካስገባ ለአንድ ሰው ለዓመት የሚሆን ጥቂት እህልና ዘይት ይሰጠዋል። ስለዚህ ዕጣው እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይደለም፤ የራበው ልጅ ስም ብዙ ጊዜ ገብቷል። የራበውና ያልራበው ጎረቤታሞች በመዲናዋ ፈንታ እርስ በርስ ይቀያየማሉ። ከፋፍሎ መግዛት ማለት ይኸው ነው።

ካትኒስ የምትባለው የ16 ዓመት ልጅ በ12 ዓመት እህቷ ፋንታ በፈቃዷ ትሄዳለች። ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ሲጠየቅ አያጨበጭብም፤ ዝም ይላል። እኛ ተማሪ ዝም ሲል አልገባውም ብለን እናስባለን። ዝምታም መልስ ሊሆን እንደሚችል ይህ ቦታ ያስተምረናል።

3. ግለሰቡ የማኅበር ጠላት ነው ወይ?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ እኛ ያደግነው በደቦና በእድር ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት ልጁን ከማኅበሩ አይነጥሉትም ወይ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ዘርፍ ከተጻፉት ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ጀግና፣ የቀረው ሕዝብ ሁሉ በግ የሚሆንባቸው አይጠፉም። እንዲህ ያለው ታሪክ አንባቢውን ያሞግሰዋል እንጂ አያስተምረውም።

የመረጥናቸው ሦስቱ ግን ከዚህ ይለያሉ። ዮናስ ከአገሩ የሚሸሸው ለራሱ ብቻ አይደለም። ሊሰናበት የተፈረደበትን ገብርኤል የሚባል ሕፃን አዝሎ ነው የሚሄደው። ደግሞም እርሱ ከራቀ የተሸከመው ትዝታ ወደ ሕዝቡ ሁሉ እንደሚመለስ ያውቃል፤ አዛውንቱም አብረው መሄድ ሲችሉ የቀሩት ሕዝቡ ያንን ሸክም እንዲችለው ለመርዳት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ብሂላችንን እናስታውስ። በዮናስ አገር የተበላሸው ማኅበር መኖሩ ሳይሆን የሁሉም ሸክም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጣሉ ነው። ሜግ የምትመለሰው ለወንድሟ፣ ካትኒስ የምትሄደው ለእህቷ ነው። ስለዚህ ድሩ እንዲያብር ክሩ ክር ሆኖ መቆየት አለበት ማለት ነው።

ታዲያ ደንብ ሁሉ ጭቆና ነው ወይ? አይደለም። ደራሲዋ ሎውሪም እንዲህ አትልም። ዮናስ ሰዎች ቀለም መምረጥ ይገባቸዋል ብሎ ሲናደድ፣ ወዲያው ደግሞ የትዳር ጓደኛና ሥራ መርጠው ቢሳሳቱስ የሚለው ያስፈራዋል። ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ነው። በኛ በኩል ጤነኛውን ደንብ ከጎጂው ለመለየት ከመጻሕፍቱ ሦስት መመዘኛ አውጥተናል፦

• አንደኛ፣ የደንቡን ምክንያት መጠየቅ ይቻላል ወይ? «ለምን?» ያለ ልጅ መልስ ካገኘ ደንቡ ጤነኛ ነው።
• ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ምን ይሆናል? ይታረማል ወይስ እንደ አሸር አፉ ይዘጋል?
• ሦስተኛ፣ ስሙና ግብሩ ይስማማሉ ወይ? ማሸማቀቅን «ምክር»፣ ፍርሃትን «ጨዋነት» ብለን ከጠራን ነገሩን ደግመን እንመርምር።

4. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

መጽሐፉ በበቂ ቅጂ ባይገኝ መምህሩ ታሪኩን በቃሉ መተረክ ይችላል፤ ተረት ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። ከተረኩ በኋላ የሚከተሉትን መሞከር ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ማንም የማይራብባትና የማይጣላባት ከተማ አሥር ደንብ ያውጡ። ቀጥለው ደንባቸውን ከሌላ ቡድን ጋር ይለዋወጡና «በዚህች ከተማ መኖር የሚከብደው ማነው?» ለሚለው መልስ ይፈልጉ። የሚከብደው ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ዝምተኛ ልጅ መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት መምህሩ ብዙ መናገር አያሻውም።

ሁለተኛ፣ የ«ዘ ጊቨር»ን ፍጻሜ አንዝጋው። ዮናስ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ከሩቅ ብርሃን ያያል፤ ዘፈን የሰማ ይመስለዋል። ዳነ ወይስ ሞተ? ደራሲዋ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እርግጡን አልተናገረችም። መምህሩ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው ብሎ በሰሌዳ ላይ ከጻፈ፣ ስለ ነፃ አስተሳሰብ የተጻፈውን መጽሐፍ በካማዞትዝ ምት አስተማረው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ዕድሜን እንመዝን። የሕፃኑ መገደል ከባድ ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት መጽሐፉ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ በተደጋጋሚ ከተጠየቀባቸው መጻሕፍት መካከል ነበር። የወላጅን ሥጋት ማዳመጥ ይገባል፤ ለታዳጊ ክፍሎች የሜግ ታሪክ ይቀድማል።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን እንምጣ። «ገብቷችኋል?» ስንል ክፍሉ ባንድ ድምፅ «አዎን!» ይላል። ደስ ይላል፤ ሥርዓት ያለ ይመስላል። ይሁንና ስድሳ ኳስ እኩል ሲነጥር ስድሳ ልጅ ተማረ ማለት አይደለም። ጥሩ መምህር ማለት ከዚያ «አዎን» መካከል ዘግይቶ የወጣውን ድምፅ፣ ወይም ጭራሽ ያልወጣውን፣ ለይቶ የሚሰማ ነው። ኳሱ ያመለጠችውን ልጅ ፈልገን ማግኘት ያለብን እንድንቀጣው አይደለም፤ ምናልባት ሌሎቻችን ያላየነውን ቀለም አይቶ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዮናስ አባት ጥፋተኛ ነው ትላላችሁ? ለምን?
2. ከመመሳሰልና ከእኩልነት ልዩነት ተነሥታችሁ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስን ጥቅምና ጉዳት አስረዱ።
3. በምቾት ከሚደረግ ቁጥጥርና በረሃብ ከሚደረግ ቁጥጥር የትኛውን ማወቅ ይከብዳል?
4. ከተማርንባቸው ክፍሎች ደንቦች አንዱን መርጣችሁ በሦስቱ መመዘኛዎች ፈትሹት።

መልሳችሁን ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ከኛ ሐሳብ የሚቃረነው ቅድሚያ ይሰጠዋል።